ሸጠ እንጂ ሰጠ አይደለም

ባለፈው የመጽሔታችን ቁጥር ላይ አንድ ፊደል ተሳስተናል። «አንድ ፊደል ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛም በጊዜው ያልነው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት የተነሣነው አንደኛ ዕዳችንን ለመክፈል፣ ሁለተኛም በየማደሪያው አሮጌ ኮምፒዩተር ታቅፈው የሚቸገሩ ጓደኞቻችን ከእኛ ስሕተት አንዳች ጥቅም እንዲያገኙ ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ግጥም ቤት አመታት ጠይቁን እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ አትጠይቁን። ስለዚህ የምንጽፈው እንደ ባለሙያ ሳይሆን ተሳስቶ እንደ ተማረ ሰው ነው።

የመጽሔታችን ክፍል እንደምታውቁት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ኮምፒዩተር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩን የሰጡን ከእኛ በፊት ተመርቀው ደሴ ሥራ የያዙ አንድ የቀድሞ የመጽሔቱ አዘጋጅ ናቸው። በአቀስታ በኩል አድርጎ በአውቶቡስ ተጭኖ መካነ ሰላም ሲደርስ አቧራ ከመልበሱ በቀር ጤነኛ ነበር። ይሁን እንጂ ዕድሜው የገፋ፣ የማስታወስ ችሎታውም 2 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ አንድ ገጽ ለመክፈት ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ያስጠብቀን ነበር። በላዩም ላይ ፍላሻችን ከማደሪያ ማደሪያ ስትዞር የለቃቀመችው ቫይረስ ሰፍሮበት ጽሑፎቻችንን አንድ በአንድ ይሰውርብን ጀመር። የግንቦቱ ቁጥር ግማሽ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ከላላ ተወልዶ ያደገ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አንድ ጽሑፍ ሊሰጠን መጥቶ ጭንቀታችንን ያየው። ዝምተኛ ልጅ ነው። ኮምፒዩተሩን ትንሽ ነካካና፣ «ሊኑክስ ብትጭኑበት ይሻላችሁ ነበር» አለን። እኛም ሊኑክስ ምን እንደ ሆነ ሳናውቅ እንደሚያውቅ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን።

ለማያውቁት እንንገር። ሊኑክስ ማለት ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ወጣት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 የጀመረው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ሰውዬው ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ዕድሜውም 21 ዓመት ነበር፤ ማለት የእኛ እኩያ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ አስታውቆ ስለ ነበረ የሁለቱ ሥራ ተጋጥሞ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሥርዓት ሆነ። ዋናው ነገሩ ማንም ሰው ውስጡን ገልጦ እንዲያየው፣ እንዲገለብጠውና ስሕተት ያገኘበት እንደ ሆነ እንዲያርመው የተፈቀደ መሆኑ ነው። ለእኛ ለኪስ ባዶዎች ደግሞ ገንዘብ አለመጠየቁ ከሁሉ የበለጠ ምሥራች ነበር።

የከላላው ወዳጃችን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ ከነዓይነቶቹም ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚቀለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚሉትን በፍላሽ ይዞ አንድ ቅዳሜ ማታ መጣ። መጫን ሲጀምር ግን ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ። እኛ «ሞተ!» ብለን ስንጮኽ እርሱ ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሥቶ በመነሻው ገጽ ላይ በላቲን ፊደል አንዲት ቃል ጨመረ። ቃሏ «ኖሞድሴት» ትባላለች። ትርጓሜዋም ለሥርዓቱ፣ «ለጊዜው የስክሪኑን ልክ ራስህ ለማስተካከል አትድከም፤ ባለው ተራ ሥዕል ይብቃህ» እንደ ማለት ነው። ስክሪኑ በራ፤ ሥራውም ቀጠለ። ተጭኖ ካለቀ በኋላም ቃሏን መልሶ አወጣትና፣ «ይህች ለመሻገሪያ ናት፤ እዚያው ከቀረች ስክሪኑን ታደበዝዘዋለች» አለን። እኛ ግን በዚያ ሰዓት የምናየው ፍጥነቱን እንጂ የሚለውን አልነበረም።

በማግሥቱ የአማርኛውን ፊደልና አጻጻፍ ጨመረልን። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 ስለ ገባ ዛሬ በሊኑክስም ሆነ በሌላ ሥርዓት አማርኛ ለመጻፍ አስማት አያስፈልግም። ስክሪኑም እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ወዳጃችን ሲሄድ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር መሳቢያችን ውስጥ አስቀምጦ፣ «ችግር ቢገጥማችሁ ይህን ተመልከቱ» ብሎን ነበር። አመስግነን መሳቢያውን ዘጋን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳንደብቅ እንናገራለን። በሦስተኛው ቀን በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው የጥቅምት ብርድ ጣታችንን ስላደነዘዘው ጠረጴዛውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወርነው። ገመዶቹን ነቅለን መልሰን የሰካነው እኛው ነን። የስክሪኑ ገመድ አልገባም ሲለን ከመካከላችን አንዱ በመዳፉ ጫን አድርጎ አስገባው። ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ «እኛ» ብለን የምንጽፈውም አንዱ ለዚህ ነው። በዚያው ዕለት ማታ የከላላው ልጅ መጥቶ ያልተሰካ ኮምፒዩተር አገኘና ሲያበራልን ስክሪኑ ደብዝዞ ወጣ። ሊያየው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን መጽሔቱ በማግሥቱ መታተም ስለ ነበረበት፣ «ቆይ፣ ይደርሳል፤ አሁን እንጻፍበት» ብለን አስነሣነው።

እዚህ ላይ መደብዘዝ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጥ። የኮምፒዩተር ስክሪን እንደ ሰፌድ አለላ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ስብስብ ነው፤ ነጥቡ ፒክስል፣ የነጥቦቹ ብዛት ልክ ደግሞ ሪዞሉሽን ይባላል። የእኛ ስክሪን ወደ ጎን 1440፣ ወደ ታች 900 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 1,296,000 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚልክለት ሥዕል 1024 በ768 ብቻ፣ ማለት 786,432 ነጥብ ነበር። ስክሪኑ ያልተላከለትን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነጥብ ከየት ያምጣው? የመጣለትን ሥዕል እንደ እርጥብ ቆዳ ወጥሮ ገጹን ይሸፍናል። ሲወጥረውም ወደ ጎን አብልጦ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አምስት እጅ የነበረው ስድስት እጅ ሆኖ ይሰፋል። በስክሪኑ ላይ ያስቀመጥነው የቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳ በአንድ ሌሊት ወፍሮ ሲታይ ሳቅን። መሳቅ ግን አልነበረብንም።

ምክንያቱም በዚያ ሥዕል የተጎዳው ጭላዳው ሳይሆን ፊደሉ ነበር። የላቲን ፊደል ቢደበዝዝም በግምት ይነበባል። የእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲረቡ 231 የሚሆኑ ሲሆን አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ናት። ለ ከ ሉ፣ በ ከ ቡ የሚለዩት በወገባቸው ላይ ባለች ቅንጣት ነው። ን እና ኝ፣ ደ እና ጀ፣ ሰ እና ሸ ደግሞ የሚለዩት በራሳቸው ላይ በተጋደመች ቀጭን መስመር ነው። ያች መስመር በጠራ ስክሪን ላይ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ውፍረት የምትሣል ናት። ስክሪኑ በተወጠረ ጊዜ ነጥቧ ከጎረቤቷ ጋር ተቀላቅላ ግራጫ ትሆናለች፤ ዓይንም አያት እንጂ አያነባትም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ከሠሩት ቀደምቶች አንዱ የሆኑት ኢንጂነር አያና ብሩ የተጨነቁት ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ውስጥ ለማስገባት ነበር። ዛሬ በቁልፉ በኩል ያለው ጭንቀት ቀርቶልናል፤ በነጥቡ በኩል ያለው ግን እንዳለ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የከላላው ልጅ የሰጠን ጽሑፍ ስለ አባቱ ነበር። አባቱ ገበሬ ናቸው። ሁለት በሬ ያለው ጠምዶ ያርሳል፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ እንደ እርሱ ካለ ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ በተራ ያርሳል። የእርሱ አባት በሬ አንድ ብቻ ነበር። ልጃቸው የማትሪክ ውጤት መጥቶለት መንገድ ሲነሣ፣ ለብርድ ልብሱና ለመጀመሪያው ዓመት ወጪው የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ያን በሬ ገበያ አወጡት። በሬ ያጣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሊቀናጅ አይችልምና መሬታቸውን ለየእኩል አራሽ ሰጡ፤ ከምርቱም ግማሹን ብቻ ይዘው ይገባሉ። ልጁ ይህን ሁሉ አላተተም። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር ያስቀመጠው፤ «አባቴ አንድ በሬውን ሸጠ» የሚል።

እኛ ስንተይብ «ሰጠ» አልነው። ጣታችን ሌላ ቁልፍ ነክቷል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ከስክሪኑ ላይ አነበብነው፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሸጠ» ብለን አነበብን፤ ዓይናችን ያላየውን ልባችን ሞላለት። ወረቀት ውድ ስለ ሆነ የሙከራ ቅጂ ሳናወጣ ለማባዣ ቤት ሰጠነው። ወጥቶ ሲታደል ግን ፊደሉ በወረቀት ላይ ጥርት ብሎ «አባቴ አንድ በሬውን ሰጠ» ይላል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርማት ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንዳንዶች፣ «አባትህ በሬ የሚያድል ባለጸጋ ነው ለካ! ለእኛስ አይሰጠንም?» እያሉ ቀለዱበት። የአባቱ ትልቁ መከራ የድግስ ወሬ ሆነ። ልጁ ወደ ክፍላችን መጥቶ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እንዲህ አለ፦

«አባቴ በሬውን አልሰጠም፤ ሸጠ እንጂ።»

እኛ በዚያን ጊዜ ማለት የሚገባን ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ አላልነውም። ይልቁንም ከመካከላችን አንዱ፣ «ምን እናድርግ? ስክሪኑን ያበላሸው ያንተው ሊኑክስ ነው! ያችን ቃል በእንግሊዝኛ ስትጨምር አይተንሃል። የቀድሞው ቢዘገይም ፊደል አይሰውርም ነበር» አለው። ሌሎቻችንም ዝም አልን፤ ዝም ማለታችንም አብሮ መናገር ነበር። ልጁ ትንሽ ቆመ። «ቃሏን አውጥቻታለሁ» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍላችን አልተመለሰም።

በማግሥቱ ሊኑክስን አጥፍተን የቀድሞውን ለመመለስ ወሰንን። ማባዣ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ፍላሽ ልንዋሳቸው ብንሄድ፣ «ምን ልታደርጉበት ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። ነገሩን ስንነግራቸው፣ «ማባዣው ቀለም ባንጠባጠበ ቁጥር ማባዣ ብለውጥ ኖሮ ይህ ቤት አይበቃኝም ነበር። መጀመሪያ ከየት እንደሚንጠባጠብ ዕዩ» አሉን። ፍላሹንም አልከለከሉንም። እኛ ግን ስንመለስ መሳቢያውን ከፍተን ያን ደብተር አወጣን።

ደብተሩ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት በአማርኛ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ስክሪኑ የደበዘዘ ወይም የሰፋ እንደ ሆነ» የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩም በተራ ቁጥር አምስት ነገር ተዘርዝሯል። ፍሬ ነገሩን ለእናንተም እናስተላልፋለን።

አንደኛው፣ «ከመደብዘዙ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን አንብበን፣ «እርሱ ነዋ የነካው!» ብለን አለፍነው።

ሁለተኛው፣ ኖሞድሴት የምትባለዋ ቃል በማስነሻው ፋይል ውስጥ ቀርታ እንደ ሆነ ተመልከቱ ይላል። ማስነሻው ግሩብ ይባላል። ከፈትነው፤ ቃሏ የለችም። ልጁ እንዳለው አውጥቷታል። እዚህ ላይ አንዳችን ሌላችንን ሳናይ ወደ ሦስተኛው ተሻገርን።

ሦስተኛው፣ በቅንብር ገጹ ላይ ስክሪኑ የሚቀበላቸው ልኮች ዝርዝር ውስጥ የስክሪኑ ትክክለኛ ልክ አለ ወይ ይላል። ካለ መርጦ ማጽናት ነው፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። በእኛ ዝርዝር ውስጥ ግን ያሉት 1024 በ768፣ 800 በ600 እና 640 በ480 ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ አራተኛውን ማንበብ ሲገባን ዘለልነው፤ ምክንያቱም ረዥም ነበር፤ አምስተኛው ደግሞ «ፈጣን መፍትሔ» የሚል ርእስ ነበረው። ተማሪ መሆናችንን አትርሱ። አምስተኛው የሚለው ይህን ነው፤ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ሲቪቲ የምትባለውን ትእዛዝ ከሚፈለገው ልክ ጋር ብትጽፉ፣ ስክሪኑ የሚሠራበትን የጊዜ ቀመር አስልታ ትሰጣችኋለች። እኛ 1440 900 ብንላት በ106.50 የሚጀምር የቁጥር ሰልፍ ሰጠችን። ያን ሰልፍ ኤክስራንድአር ለሚባለው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ መስጠት ነው፤ በመጀመሪያ አዲስ ልክ እንዳለ ማስታወቅ፣ ቀጥሎ ልኩን ለስክሪኑ መውጫ ማያያዝ፣ በመጨረሻም በዚያ ልክ እንዲሠራ ማዘዝ። አንዲት ቁጥር ስተን ሁለት ጊዜ ስድብ የመሰለ የእንግሊዝኛ መልስ ከሰጠን በኋላ በሦስተኛው ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠራ። ጭላዳውም ከሳ። እልል አልን።

እልልታችን ሳያበቃ መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ጭላዳው እንደገና ወፍሯል። ለካ እነዚህ ትእዛዞች ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ የሚጸኑ ናቸው፤ ሁልጊዜ እንዲጸኑ ከተፈለገ ኤክስፕሮፋይል በሚባል፣ ሰው በገባ ቁጥር በሚነበብ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለባቸው። ይህም በደብተሩ ግርጌ ተጽፏል። እንደ ተባለው ጻፍነው፤ ሠራ። ከመካከላችን አንዱ፣ «እንግዲህ አለቀ» አለ። ሌላው ግን፣ «አላለቀም፤ ለምን ሆነ?» ብሎ ወደ ተዘለለው አራተኛ ቁጥር መለሰን። ለዚህ ጓደኛችን ምስጋና ይገባዋል፤ በመድኃኒቱ ብቻ ተደስተን ቢሆን ኖሮ በሽታውን በልጁ ላይ እንደ ለጠፍነው በቀረ ነበር።

አራተኛው እንዲህ ይጀምራል፤ «ስክሪኑ ስሙን ተናግሯል ወይ?» አብራርቶም ያስረዳል። ስክሪን ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ ዝም ብሎ ሥዕል የሚቀበል ዕቃ አይደለም። አስቀድሞ «ሠሪዬ እገሌ ነው፣ ቁመቴ ይህን ያህል ሴንቲሜትር ነው፣ የምወደውም ልክ ይህ ነው» የሚል መታወቂያ ይልካል። ይህ መታወቂያ ኢዲአይዲ ይባላል፤ ደንቡ የወጣው በ1994 ሲሆን መሠረታዊው መጠኑ 128 ባይት ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ መታወቂያውን ካነበበ ትክክለኛውን ልክ ራሱ ይመርጣል። ካላነበበ ግን ማንነቱን እንደማያውቀው እንግዳ ይቆጥረውና ስክሪኑ እንዳይጎዳ ሲል ማንኛውም ስክሪን ሊሸከመው የሚችለውን ዝቅተኛ ልክ ይልክለታል። ማለት መደብዘዙ ጥንቃቄ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። በሊኑክስ ዘንድ ብዙው ነገር እንደ ፋይል ስለሚነበብ መታወቂያው መድረስ አለመድረሱን ፋይሉን ከፍቶ መጠኑን በማየት ማወቅ ይቻላል። ከፈትነው። 128 መሆን የነበረበት 0 ነው።

ከዜሮው ቀጥሎ በደብተሩ ላይ ያለው ቃል አጭር ነው፤ «ዜሮ ከሆነ ገመዱን ንቀሉና ፒኖቹን ቁጠሩ።»

ቪጂኤ የሚባለው የስክሪን ገመድ ከ1987 ጀምሮ ያለ አሮጌ ዓይነት ነው፤ ራሱ ላይ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ 15 ቀጫጭን የብረት መርፌዎች አሉት። ከእነዚህ 9ኛው በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለም፤ ስለዚህ 14 ብቻ ያገኘ ሰው አይደንግጥ። መታወቂያው የሚተላለፈው ግን በሦስተኛው ረድፍ ባሉት በ12ኛውና በ15ኛው መርፌ ነው። ቀለሙ በሌሎቹ ስለሚያልፍ እነዚህ ቢጎድሉም ሥዕል ይታያል፤ ማንም ገመዱን የማይጠረጥረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ገመዱን ነቀልን። ወደ መስኮቱ አስጠግተን ስንቆጥር 12ኛው መርፌ እንደ ተኛ ሰው ተጋድሟል። በመዳፍ ተጭኖ የገባ ገመድ ነዋ! ያን ጊዜ የደብተሩ አንደኛ ጥያቄ ተመልሶ መጣብን፤ «ከመደብዘዙ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ጠረጴዛው ነበር። የነካነውም እኛ ነበርን። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ስክሪኑ በዚያው በልጁ ሊኑክስ ጥርት ብሎ ሲሠራ እንደ ነበር ማናችንም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ ማስታወሱ ስላልጠቀመን ነው።

በር ላይ ሻይ ከሚያፈሉት እናት የእሾህ ወረንጦ ተውሰን መርፌውን ቀስ አድርገን አቀናነው፤ ቸኩለን ብንሰብረው ኖሮ ሌላ ገመድ ለመግዛት ደሴ መላክ ነበረብን። ከሰካነው በኋላ በኤክስፕሮፋይል የጻፍነውን ሁሉ አጠፋነው። ኮምፒዩተሩን ስናበራው ማንም ሳያዘው በራሱ 1440 በ900 ሆኖ ተነሣ። የመታወቂያው ፋይልም 128 ባይት ሆኗል። በዚያ ስክሪን ላይ ያለፈውን ቁጥር ጽሑፍ ከፍተን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ስናነብ «ሰጠ» የሚለው ቃል ከሩቅ ይታያል። ራሱ ላይ ምንም መስመር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አንፈልግም። ስክሪኑ ስሕተቱን ሸሸገው እንጂ አልጻፈውም። የጻፈው የእኛ ጣት ነው። አንድ የሙከራ ገጽ አውጥተን ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ ቢደበዝዝም ስሕተቱ በተያዘ ነበር። ጥንት ብራና የሚጽፉት ሰዎች ጽፈው ሲጨርሱ ከዋናው ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ እኛ ይህን ለፈተና እንማረዋለን፣ ለሥራችን ግን አላዋልነውም። መሣሪያው አዲስ ስለ ሆነ የወቀሳው ተራ ለእርሱ ደረሰ፤ መሣሪያውን ያመጣው ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ሆነ ለመውቀስ ቀለለን። ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ገመዱን ቀድመን በቆጠርን ነበር።

በግቢያችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ይኸው ነው። አንድ አዲስ ነገር ይመጣል፤ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ችግር ይፈጠራል፤ ሁለቱ አብረው ስለ ታዩ ብቻ አንዱ የሌላው አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያም አዲሱ ይባረራል፤ የተጣመመው መርፌ ግን እዚያው ተጣሞ ይቀራል። ሊኑክስ ለእኛ የጠቀመን በነፃ በመገኘቱ ብቻ አይደለም። በጠየቅነው ቁጥር ያለውን ያህል መልስ ሰጥቶናል፤ ያላወቀውን «ዜሮ» ብሎ ነግሮናል። እኛ ከልጁ ፊት ቆመን ይህን ያህል እንኳን እውነት መናገር አቅቶን ነበር።

በዚያው ምሽት ወደ ማደሪያው ሄድን። አልጋው ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ሲያየን ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልን፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረን። ደብተሩን ከእነ ሙሉ ታሪኩ አስረከብነው። የመርፌውን ነገር ስንነግረው ሳቀ። «12ኛው ነው አይደል?» አለ። አዎን አልነው። ከዚያ ከመካከላችን ያን ቃል የተናገረው ሰው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌሎቻችንም ዝም ስላልን ጠየቅን።

«መጽሔቱን ለአባቴ ልልክላቸው ነበር» አለን። «እርሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ታናሽ እኅቴ ታነብላቸዋለች። ሰጠ ብላ ብታነብላቸው ምን ይሉኛል?»

ምን እናድርግልህ ብንለው የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሌላ አልፈልግም። ሸ ትመለስልኝ።»

ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን ያለፈውን ቁጥር አውጡና እስክሪብቶ ያዙ። በከላላው ተማሪ ጽሑፍ ውስጥ፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር፣ «ሰጠ» በሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ራስ ላይ አንዲት መስመር አጋድሙ። የቀለዳችሁም ካላችሁ መስመሯን ካሠመራችሁ በኋላ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት። ይህን ጽሑፍ ከማባዛታችን በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ አውጥተን ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳክረናል፤ ያመሳከረውም እርሱ ራሱ ነው።

እርማት፦ «አባቴ አንድ በሬውን ሸጠ» ተብሎ ይነበብ።